የሞተ ባትሪ ድንጋይና አንድ ጀሪካን ጥቁር ውሃ ስለ ማስረከብ

ለአነስተኛ የኤሌክትሪክ ውዳቂዎች አሰባሰብ አስተባባሪ ቢሮ
ለክቡር ኃላፊው
ጅግጅጋ

ክቡር ሆይ፣

የዚህች ከተማ ነፋስ በመስኮትዎ አቧራ ሳያስገባ፣ ወንበርዎ ሳይጎረብጥዎ፣ ስብሰባዎም ሳይረዝምብዎ ሰንብተው እንደሆነ ስለ ጤናዎ ፈጣሪዬን አመሰግናለሁ። ለባለቤትዎም፣ ለልጆችዎም፣ በሄድኩ ቁጥር "ኃላፊው መስክ ናቸው" እያለ በትሕትና ለሚመልሰኝ የበር ጥበቃዎም ጭምር ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ደኅና መሆኔ ራሱ ለምን እንደሚያሳፍረኝ ከዚህ በታች ስለማስረዳ ትዕግሥትዎን አስቀድሜ እለምናለሁ።

ሀብተየስ ኃይለጊዮርጊስ እባላለሁ። የወታደር ልጅ ነኝ፤ ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ጅግጅጋ ነው፤ ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም፤ ባለቤቴ ወለተሐና ካረፈች ወዲህም ብቻዬን እኖራለሁ። የክትባት ዘመቻ በሚያካሂድ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ዘመቻ በመጣ ቁጥር ወደ ቱሊ ጉሌድ፣ ወደ አውበሬና ከዚያም ወዲያ የሚወጡት ባልደረቦቼ "ነገ ክትባት አለ፣ ልጆቻችሁን አምጡ" እያሉ የሚጮኹበት የእጅ ድምፅ ማጉያ ይይዛሉ፤ ድምፅ ማጉያው ደግሞ ትልልቁን ባትሪ ድንጋይ ከበረሃ እንደመጣ ግመል ነው የሚጠጣው። በግምጃ ቤታችን ሕግ አሮጌውን ድንጋይ ያልመለሰ ሠራተኛ አዲስ አይሰጠውም። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ባልሆንም ከእኔ በላይ የጠበቀው ሰው የለም፤ አንድ ድንጋይ አጉድሎ የመጣን ሠራተኛ ከበር መልሼ አውቃለሁ። እንዲህ እንዲህ እያለ የሞተ ድንጋይ በጆንያ በጆንያ ሆኖ በእኔ እጅ ተከማቸ፤ የተቃጠለ ቻርጀር፣ የቆመ የግድግዳ ሰዓትና አልበራ ያለ የእጅ ባትሪም አብሮት ተከማቸ።

እንግዲህ ቢሮዎ በዚህ ረገድ የዋለልንን ውለታ በተራ ቁጥር አስቀምጬ ላመስግን።

፩ኛ/ ስለ ፖስተሩ። ቅጠል የበቀለበት ባትሪ የተሣለበትና "አነስተኛ የኤሌክትሪክ ውዳቂ ሀብት ነው፤ አይጣሉት፣ ያሰባስቡት፣ መኪናችን መጥታ ትወስደዋለች" የሚል ጽሑፍ ያለበት ባለ ቀለም ፖስተር ስለላኩልን እጅግ አመሰግናለሁ። ከጆንያዎቹ በላይ ባለው ግድግዳ ላይ ለጥፌው የግድግዳውን ስንጥቅ ስለሸፈነልኝ አቧራው ቀንሶልኛል። "ሀብት ነው" የምትለዋን ቃል ግን፣ ክቡር ሆይ፣ አመንኳት። መጥፎ ነገር ሀብት አይባልም ብዬ ነው ያመንኳት። ወደዚህች ቃል በኋላ እመለሳለሁ።

፪ኛ/ ስለ ሣጥኑ። በመሥሪያ ቤታችን በር ላይ ሪባን ተቆርጦለት የተተከለው አረንጓዴ የብረት ሣጥን በጣም ጠንካራ ነው። ቁልፉን የያዘው ሠራተኛዎ ወደ አዲጋላ ተዛውሮ ከነቁልፉ ስለሄደ ጥንካሬውን በሚገባ ለማረጋገጥ ችለናል። ሣጥኑ ከሞላ በኋላ ሰዉ ውዳቂውን በላዩ ላይ ማስቀመጥ ጀመረ፤ ላዩ ሲሞላ ከሥሩ ማስቀመጥ ጀመረ፤ አሁን ፍየሎች ከሰዓት በኋላ ጥላ ፍለጋ ሲመጡ ተደግፈውት ይተኛሉ፤ አንዷም የድምፅ ማጉያ ሽቦ ስታኝክ አይቻታለሁ። ለፍየሎቹ ስለተደረገው አስተያየት በእነሱ ስም አመሰግናለሁ።

፫ኛ/ ስለ መኪናዋ። መኪናዋን አይቻት ስለማላውቅ ክፉ ልናገራት አልችልም። በስልክ በጠየቅሁ ጊዜ አንድ ጊዜ ጎማ፣ አንድ ጊዜ ነዳጅ፣ አንድ ጊዜ ሾፌር እንደጎደላት ስለተነገረኝ እንደ ሰው አዝኜላታለሁ። ይህን ሁሉ አጥታ ስሟ ብቻ በፖስተር ላይ መዞሩ ያስመሰግናታል።

እስከዚህ ያለው በእርስዎ ቢሮ ላይ የሚላከክ ነው። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ግን የእኔም ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብዬ ልጻፈው።

ከአጥሬ ወዲያ ያሉት ጎረቤቴ መዓሊን ባሬ፣ መዓሊን ማለት የቁርአን መምህር ማለት ነው፣ በግቢያቸው ሕፃናት ቁርአን የሚቀሩበት ዱግሲ አላቸው። ልጆቹ የሚጽፉት ሎሕ በሚባል የእንጨት ሰሌዳ ላይ ሲሆን ቀለሙን መዓሊን ራሳቸው ከከሰል ዱቄትና ከሙጫ ይበጠብጡታል። የእኛም የቤተ ክህነት ሰዎች ቀለማቸውን ከጥቀርሻ ሲበጠብጡ በልጅነቴ ቄስ ትምህርት ቤት አይቻለሁና ነገሩ ለእኔ እንግዳ አልነበረም። ታዲያ መዓሊን አንድ ቀን የመንግሥት ትምህርት ቤት ጥቁር ሰሌዳ በባትሪ ድንጋይ ዱቄት ተቀብቶ እንዴት እንደጠቆረ አይተው መጡና "ሀብተየስ፣ ያ በጆንያ የቀበርከው ድንጋይ ሆዱ ከሰል አይደለም እንዴ?" አሉኝ፤ ከሰል ነው አልኳቸው። "እንግዲያስ መንግሥት የጣለውን አላህ ያነሳዋልና ስጠኝ፤ የእኔ ቀለም እንደ አሮጌ ሂና ገርጥቶ ልጆቹ አሊፍ የሚባለውን ፊደል ላም ከሚባለው ፊደል መለየት አቃታቸው" አሉኝ፤ እኔም ሰጠኋቸው። ጆንያውን በራሴ ጫንቃ ተሸክሜ አጥር አሻግሬ ነው የሰጠኋቸው፤ ስንሰብረውም አብረን ነው የሰበርነው፤ እጃችን እስከ ክርን ጠቁሮ ሲታይ "አሁን ማን ሶማሌ ማን ሐበሻ እንደሆነ መላእክትም አይለዩን" ብለው አሳቁኝ።

ለምን ያን ያህል ደስ ብሎኝ እንደሰጠሁ ልናገር። ወለተሐና ያረፈች ጊዜ መዓሊን ዱግሲውን ዘግተው ለለቀስተኛው ውሃ በአህያ ጋሪ አስመጥተው ነበር፤ እስከ መካነ መቃብሩ በር ድረስ አስከሬኗን ከተሸከሙት አንዱም እሳቸው ነበሩ። እኔ በሕይወቴ ለእሳቸው የሚሆን ነገር በእጄ ኖሮ አያውቅም ነበር። የሞተው ድንጋይ ሲገኝ፣ ያውም ሀብት ነው ተብሎ ተጽፎበት ሲገኝ፣ ውለታ የምመልስበት ቀን የመጣ መሰለኝ።

አንድ ነገር ሳልነግርዎት ማለፍ አይገባኝም። በሎሑ ላይ የተጻፈው ቃል በውሃ ሲታጠብ እጣቢው እንደ ተራ ውሃ አይደፋም፤ ወይ እግር በማይረግጠው ንጹሕ ቦታ ይፈስሳል፣ ወይ የታመመ ሰው በእምነት ይጠጣዋል። በጠበል ያደግሁ ሰው ነኝና በዚህ ነገር አልስቅም፤ እርስዎም እንዳይስቁ በትሕትና እለምናለሁ። የመዓሊን ልጅ ሳህራ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ፣ እንደ ደንቡ እናት አባቷ ቤት ልትወልድ መጥታለች፤ ራሷን ባመማት፣ ባቅለሸለሻት ቁጥር አባቷ ከሎሑ አጥበው በኩባያ ይሰጧት ነበር። ቀለሙም እኔ በሰጠሁት ድንጋይ ምክንያት ከምንጊዜውም በላይ ጥቁር ነበረ።

፬ኛ/ ስለ ሥልጠናው። ቢሮዎ በሆቴል አዳራሽ ያዘጋጀልንን ሥልጠና ሳላመሰግን ባልፍ ንፉግ እባላለሁ። የመክፈቻ ንግግር ነበረ፣ የመክፈቻው ንግግር ማብራሪያ ነበረ፣ ለተናጋሪዎቹም የምስጋና ንግግር ነበረ፤ የታሸገ ውሃ በየወንበሩ ፊት ተደርድሮ ስለነበር ባዶው ላስቲክ ከእኛ ግምጃ ቤት ውዳቂ ይበዛ እንደሁ ብዬ አስቤአለሁ። በመጨረሻ ሳብሪን የምትባል የራስዎ ወጣት ባለሙያ ተነሥታ፣ የባትሪ ድንጋይ ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር ከሰል ብቻ እንዳልሆነ፣ ማንጋኒዝ የሚባል ብረት እንዳለበት፣ በአፍ እየገባ ሲጠራቀም ነርቭ እንደሚጎዳ፣ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን ደግሞ እንደሚብስ ተናገረች። "ሰሌዳ መቀቢያ የምታደርጉት ካላችሁ ከዛሬ ጀምሮ ተዉት" ስትል የምሳ ሰዓት ደርሷል ተብሎ ድምፅ ማጉያውን ተቀበሏት። ቀኑን ሙሉ ከተነገረው ሁሉ የሚጠቅመው እሱ ብቻ ነበርና ስለ ባለሙያዎ ከልቤ አመሰግናለሁ፤ ይህኛው ምስጋና እሾህ የለውም።

አምስተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ነገር ግን ቀጥሎ ያለው ክስ በእኔ ላይ ስለሆነ ቁጥር አልሰጠውም።

ከዚያ አዳራሽ ወጥቼ በእግሬ ሮጬ መሄድ የነበረብኝ ወደ መዓሊን ባሬ ቤት ነበር። ምሳውን በላሁ። ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ማታ አጥር ለአጥር ስንገናኝ መዓሊን "ሀብተየስ፣ ምን አስተማሩህ?" ሲሉኝ "ያው የተለመደው ነው" አልኳቸው። ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ፤ ነገም ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ምን እንደያዘኝ ቢጠይቁኝ ፍርሃት ነው እላለሁ፤ "ሐበሻው ቁርአን የሚጻፍበትን ቀለም መረዘው" ተብሎ ቢወራ ወሬው የሚያቆመው የት እንደሆነ አሰብኩ፤ ለእኔ ብቻ ሳይሆን እዚህ ሰፈር ላለነው ሁሉ አሰብኩ። ይህ እውነት ነው፤ ሙሉው እውነት ግን አይደለም። ሙሉው እውነት ማፈሬ ነው፤ በመልካም ሰጪነቴ መታወቅ ጣፍጦኝ ነበር፣ ጣዕሙን ላጣው አልፈለግሁም። ጸሎት ይዣለሁ፣ እግዚአብሔር መንገዱን ያሳየኝ ብዬም ለራሴ ነገርኩ። እግዚአብሔርስ እግር ሰጥቶኝ ነበር፤ መንገዱም ያው አንድ አጥር ነበረ። በእነዚያ ቀናት ከእርስዎ መኪና በምንም አልለይም ነበር፤ እኔም እመጣለሁ ብዬ አልመጣሁም።

በመጨረሻ ያንቀሳቀሰኝ ጀግንነት አይደለም። ወንፊት ልመልስ ወደ ግቢያቸው ስገባ ሳህራ በር ላይ ተቀምጣ ኩባያውን ይዛ፣ የከንፈሯ ጥግ በቀለሙ ጠቁሮ አየኋት። ሰላምታም ሳልሰጥ ኩባያውን ከእጇ ቀማሁ። ልጅቱ ደንግጣ "አዴር፣ ጠማህ እንዴ? ሻይ አለ እኮ" አለችኝ፤ አዴር ማለት በእነሱ ቋንቋ አጎቴ ማለት ነው። መዓሊንም ከውስጥ ወጥተው ኩባያውን በእጄ አዩና "ምነው ሀብተየስ፣ ጠበላችሁ አለቀና ወደ እኛ መጣህ?" ብለው ሳቁ። እኔ ሳልስቅ ስቀር እሳቸውም ተዉት። ቆሜ፣ ኩባያውን የት እንደማስቀምጠው ሳላውቅ፣ ሁሉን ነገርኳቸው።

ሳህራ በሻርፗ ጫፍ ከንፈሯን መጥረግ ጀመረች፤ ከጠራም በኋላ መጥረጉን አልተወችም። መዓሊን የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ እሱም የፈራሁት ነበር፦ "መቼ ነው የነገሩህ?" አሉኝ። ሥልጠናው ከጁምዓ በፊት እንደነበረ ነገርኳቸው። እሳቸውም "ጁምዓ ዕለት አብረን ሻይ ጠጣን እኮ" አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሳህራን ያንኑ ቀን በባጃጅ ወደ ሐኪም ወሰድናት። የመረመራት ባለሙያ መጠጣቷን እንድታቆምና ቶሎ ቶሎ እየመጣች እንድትታይ ነገራት፤ በደሟ ውስጥ ምን ያህል እንደገባ የሚለካ መሣሪያ እዚህ እንደሌለ፣ በሕፃኑ ላይ ያደረገው ነገር መኖር አለመኖሩንም አሁን ማንም ሊነግረን እንደማይችል በግልጽ ተናገረ። መውለጃዋ ቀርቧል። እስከዚያ ድረስ ማንም ደኅና ነው ሊለን አይችልም። እሷም አሁን ሳልፍ ባየችኝ ቁጥር "አዴር" ብላ ሰላም ትለኛለች፤ ነገር ግን ሰላም ስትለኝ ሻርፗን ወደ አፏ ታስጠጋለች፣ ሆን ብላ አይመስለኝም።

የፈራሁት ወሬ ደግሞ ሳይመጣ አልቀረም። መዓሊን የልጆቹን ወላጆች ሁሉ ሰብስበው ራሳቸው ሲነግሯቸው አንድ አባት ተነሥቶ "ሐበሻ የሰጠህን ምን አስወሰደህ?" አላቸው። ተቀምጬ የሰማሁት ነው። መዓሊንም "እሱ ለምኖኝ አልተቀበልኩም፣ እኔ ለምኜ ነው የሰጠኝ፤ የበጠበጥኩትም በዚህች እጄ ነው። አንተ ትናንት ሽንኩርቱን ከወልደሥላሴ ሱቅ ስትገዛ የማን ነው ብለህ ጠይቀሃል?" አሉት። ከዚያ እኔ ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ ብነሣ "ተቀመጥ፣ ቀድሜሃለሁ" ብለው ጥፋቴን ተሻሙኝ። ሰዉ በዚህ ሳቀ፤ ሦስት ልጆች ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ወደ ዱግሲው አልተመለሱም።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። ሳህራ ስትጠጣው የነበረው የኩባያው ውሃ፣ በእንስራ የተጠራቀመው የሎሕ እጣቢና በጠርሙስ የቀረው ቀለም በአንድ ቢጫ ጀሪካን ተጠቃልሏል። መዓሊን ጀሪካኑን ፊቴ አስቀምጠው "ቃሉ ስላለበት ሰው በሚረግጠው ቦታ አላፈስሰውም፤ መርዝ ስላለበት ደግሞ ፍየል በሚልሰው፣ ሥር በሚጠጣው ቦታ አላፈስሰውም። አንተ የሠለጠንክ ሰው ነህ፤ የት ላድርገው?" አሉኝ። የሥልጠና ጽሑፌን ገልጬ ከፊት እስከ ኋላ አነበብኩት፤ የተናጋሪዎቹ ስምና ማዕረግ በትክክል ተመዝግቧል፤ የተጠየቅሁት ነገር መልስ ግን የለበትም። "እኔ ዘንድ ይቆይ" ብዬ ወሰድኩት። እኔ ቤት ልጅ የለም፣ ፍየል የለም፣ ከእኔ በቀር የሚጎዳ ሰው የለም። መሬት ላይ ማስቀመጡ ለእሳቸው ክብር ነክ ስለሚሆን ከወለተሐና ቁም ሣጥን በላይ፣ ከእመቤታችን ሥዕል ጎን አድርጌዋለሁ። ሕይወቷን ሙሉ ቤት አይበላሽብኝ ስትል የኖረች ሴት ነበረች፤ ይህን ብታይ ትቆጣኝ እንደሆነ ወይስ አቧራውን ጠርጋ ታስተካክለው እንደሆነ አላውቅም። ጠዋት ጠዋት ለጸሎት ስቆም ዓይኔ እሱ ላይ ያርፋል፤ "በደሌን ይቅር በል" የምትለዋ ቃል ላይ ስደርስም ማለፍ ይከብደኛል።

ስለዚህ የሚከተለውን በትሕትና እለምናለሁ። መኪናዋ ጎማዋም ነዳጇም ሾፌሯም በአንድ ቀን የሚሟሉበት ዕለት ከተገኘ መጥታ ጀሪካኑንና ጆንያዎቹን ትውሰድ፤ ስትወስድም የት እንደምታደርሰው ለመዓሊን ባሬ በሚገባቸው ቋንቋ ይነገራቸው፤ ማንም አላየኝም ብላ ከከተማ ወጣ ብላ በደረቅ ወንዝ ውስጥ የምትደፋው ከሆነ ግን ቁም ሣጥኑ ላይ ይቆይልኝ። ከፖስተሩ ላይ "ሀብት ነው" የሚለው ተፍቆ ውስጡ ምን እንዳለ ይጻፍበት። ከሁሉ በላይ ግን በባትሪ ድንጋይ ቀለም የሚበጠብጥ ዱግሲ፣ ሰሌዳ የሚቀባ ትምህርት ቤት እኛ ሰፈር ብቻ እንዳልሆነ እርስዎም ያውቃሉና፣ ባለሙያዋ ሳብሪን የተቀማችውን ድምፅ ማጉያ መልሳችሁ ስጧትና በየመስጊዱ፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየትምህርት ቤቱ በር፣ በሶማሊኛም በአማርኛም ትናገር። ድምፅ ማጉያ ከሌላችሁ የእኛን አበድራለሁ፤ ድንጋይ በእኔ ይሁን። ሰው "ከየት ሰማችሁ?" ካለ ስሜን ጥሩ፤ ከነአባቴ ስም ጥሩት። ደብዳቤውን በግልጽ የጻፍኩት ለዚህ ነው፤ ወሬ ሆኖ ከሚዞር በእጄ ተጽፎ ቢዞር ይሻላል ብዬ ነው።

ይህን ሁሉ ጽፌ ከሥራዎ ስላስተጓጎልኩዎ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ላለፈው ዝምታዎ ከራሴ ዝምታ ጋር አዳምሬ እያመሰገንኩ፣ ለሚመጣው መልስዎ ደግሞ ሳህራ ሳትወልድ እንዲደርስ እየጸለይኩ፣ በታላቅ አክብሮት ጎንበስ ብዬ እሰናበታለሁ።

ውለታዎን የማይረሳው፣ ጥፋቱንም የማይረሳው
የግምጃ ቤት ሠራተኛ
ሀብተየስ ኃይለጊዮርጊስ
ጅግጅጋ፣ ታኅሣሥ ፳፻፮ ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ የሚመጡት ሠራተኞችዎ ቤቴ ሲገቡ እጃቸውን ይታጠቡ፤ ይህ ስለ ቃሉ ነው። ጀሪካኑን አውርደው ሲወጡም ይታጠቡ፤ ይህ ስለ መርዙ ነው። ምንም ሳይነኩ ውሃ አስመጥቶ መታጠብ የሚባልም አለ፤ ጲላጦስ የታጠበው ዓይነት። እሱን እንዳይሞክሩት እመክራለሁ፤ እኔ ከሥልጠናው እስከዚያች ኩባያ ድረስ በየቀኑ ታጥቤበታለሁ፣ አያጠራም።